ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው ጄኔሬተር

ጄኔሬተር ጨርሶ አልነሳ ቢል ይሻላል። ቢያንስ ችግሩ ፊት ለፊት ነው። አስቸጋሪው ተነስቶ፣ በደንብ ሠርቶ፣ ሰው እፎይ ብሎ ዞር ሲል የሚጠፋው ነው። የኛው እንደዚያ ነበር።

ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወተት እንሰበስባለን። ጠዋትና ማታ ከየቤቱ የሚመጣው ወተት ማቀዝቀዣ ጋን ውስጥ ገብቶ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መብራት ሲሄድ ጋኑን የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ይቆማል። ለዚህ ብለን አቅሙ 15 ኬቪኤ (የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው) የሆነ ያገለገለ የናፍጣ ጄኔሬተር ገዝተናል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ፣ የለውም። በጾም ወቅት ጭንቀቱ ይብሳል። ገዢ ስለሚቀንስ ወተቱ ጋን ውስጥ ይቆያል። ላም ደግሞ አትጾምም።

ሕመሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኮምፕረሰሩን ከያዘ በኋላ ሃያ ደቂቃ ገደማ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ከዚያ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ። ሰሌዳው ላይ 50 ኸርዝ የነበረው፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚሄደው ቁጥር፣ ወደ 47፣ ወደ 45 ይወርዳል። ጭነቱን ካላነሳንለት ይሞታል። ትንሽ አሳርፈን ስናስነሳው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሳል።

ምክር ሞልቶ ነበር። አንድ መካኒክ የናፍጣ ፊልትሮ ቀየረና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ያው ሆነ። ሌላው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኖዝል ይፈታ አለ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ደግሞ ቁርጡን ነገረን፤ «ጋሼ፣ ቦታው ከፍታ ነው፣ ይሄ ማሽን አይችልም፣ ትልቅ ግዙ።»

የእሱ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ኃይል ያጣል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ኃይል ሩብ ያህሉን እንደሌለ መቁጠር ነው። በዚያ ላይ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል።

ግን ጭሱን ስናየው ነገሩ አልገጠመም። ጭነት የከበደው ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣው በዝቶ አየሩ ስላነሰው ነው። የኛው ሊሞት ሲል ጥቁር ጭስ የለውም። እንዲያውም ነጣ ያለ ጭስ ብልጭ እያለ ይታያል። ደግሞ አቅም ቢያንሰው ኖሮ ኮምፕረሰሩ በሚነሳባት ሰከንድ ያቃስት ነበር እንጂ ሃያ ደቂቃ አይጠብቅም።

አጠፋፉም ይናገራል። በዘይት ግፊት ማነስ ወይም በሙቀት ምክንያት መከላከያው ሲያጠፋው፣ ወይም ናፍጣ የሚዘጋው ሶሌኖይድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መዝጊያ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት፣ ሞተር ድንገት ቀጥ ይላል። ብሬከር ከወደቀ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል እንጂ ሞተሩ መሥራቱን አያቆምም። እየተንገዳገደ፣ እየደከመ የሚሞት ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የራበው ነው። ናፍጣ አልደረሰውም።

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ደወልኩለት። ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ከናፍጣ ታንከሩ ነው የጀመርከው?»

«ታንከሩማ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ መሆኑን አልጠየቅኩህም። እኛ ዘንድ ሐይቁ ሙሉ ነው፤ ግን እምቦጭ የውሃ መምጠጫውን ሲዘጋው ሞተሩ ይግላል። ናፍጣውን በምን ነው የምትቀዱት?»

«በጀሪካን።»

«በል እንግዲያው፣ ታንከሩን ከጨዋታ ውጪ አድርገውና አስነሳው።»

ያለኝን እንዳለ አደረግሁ። ንጹሕ ጀሪካን በናፍጣ ሞልቼ ታንከሩ ባለበት ቁመት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅዬ፣ በምትኩ የጀሪካኑን ቱቦ ገጠምኩ። መመለሻውን ቱቦም ጀሪካኑ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። ናፍጣ ሞተር ከሚስበው ነዳጅ የተረፈውን ይመልሳልና መመለሻው ታንከሩ ላይ ከቀረ ጀሪካኑ ቶሎ ያልቃል። የገጠምኩት ቱቦ ውስጡን የሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ነው። የአየር አረፋ ካለ በዓይን ይታያል።

ቱቦ ሲነቀል አየር ይገባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ከያዘ አይነሳም። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ዳዶ አላልቼ የእጅ ፖምፓውን ገፋሁ። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ናፍጣ ወጣ። አጠበቅኩ። ይህ ካልበቃ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ዳዶዎች በግማሽ ዙር አላልቶ፣ በስታርተር ከ10 ሰከንድ ያልበለጠ እያዞሩ ማስወጣት ነው። እዚህ ላይ እጅ አታስጠጉ። ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ በግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጉዳቱም እጅ እስከማጣት ይደርሳል። ማየት ካስፈለገ ካርቶን ያዙበት።

አስነሳነው፤ ኮምፕረሰሩን ጫንንበት። ሃያ ደቂቃው አለፈ። ዘበኛችን ሰዓቱን እያየ «ዛሬ ረሳው መሰለኝ» አለ። ሰዓት ሞላው፣ ወተቱም ቀዘቀዘ። በዚህች አንድ ሙከራ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ኖዝሎቹና ከፍታው ነጻ ወጡ። ወጪው አንድ ሜትር ቱቦ ነው። ለዚህ ነው ዕቃ ከመግዛት በፊት መስመሩን ለሁለት መክፈል የምወደው። ኖዝሎቹን ፈትተን ጋራዥ ወስደን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ቀኑም ይሄድ ነበር።

የቀረው ታንከሩና ከእሱ የሚወጣው መስመር ነው። በቅድሚያ ክዳኑን ጠረጠርኩ። የክዳን መተንፈሻ ሲደፈን ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ናፍጣው አልመጣም ይላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ፉጨት ይሰማል። ስስ ቱቦውን ወደ ታንከሩ አዙሬ ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁት። ፉጨት የለም። ያው በሰዓቱ መንገዳገድ ጀመረ። ዓይኔ ግን ቱቦው ላይ ነበርና ሌላ ነገር አየሁ። ቱቦው በገለባ ጭማቂ እንደሚመጥ ልጅ ጉንጭ ጎድጎድ አለ። ፖምፓው እየሳበ ነው፣ ከወዲያ የሚለቅ የለም። መዘጋቱ ከቱቦው በፊት፣ ታንከሩ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ታንከሩን አውርደን ገለበጥነው። መጀመሪያ ናፍጣ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ አተላ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። በመጨረሻ አንድ የፌስታል ቁራጭ።

ጀሪካን እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር ፌስታል ማድረግ የሁላችንም ልማድ ነው። ሲቀዳ ተቀዶ የገባ ይመስለኛል። ሞተሩ ሲሠራ ቀስ በቀስ ወደ መምጠጫው ቧንቧ ይሳብና አፉ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲቆም መሳቡ ይቀርና ይላቀቃል። ለዚህ ነው አርፎ ሲነሳ ጤነኛ የሚመስለው። አዲስ ፊልትሮም የማይረዳው ለዚህ ነው። ፌስታሉ ፊልትሮው ጋ አይደርስም።

ውሃው ሌላ ታሪክ አለው። የሱሉልታ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ታንከር ጎዶሎ ካደረ ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን ግድግዳው ላይ ያወርዳል። ውሃው ከናፍጣው ስለሚከብድ ሥር ይተኛል። ናፍጣና ውሃ የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ዝቃጩ አብዛኛው የነሱ ሥራ ነው። አሁን ማታ ማታ ታንከሩን ሞልተን ነው የምናሳድረው። ጠዋት ከማስነሳታችን በፊት ከሥር ያለውን ቡሽ ከፍተን፣ ውሃ ካለ በጠርሙስ እንቀዳለን። ስንሞላም በወንፊት እናጠላለን። ፌስታሉን ከጀሪካኑ ክዳን አስቀርቼ በጎማ ቀይሬዋለሁ።

አሁንም ኮምፕረሰሩ ሲነሳ አንድ ቡፍ ጥቁር ጭስ ይወጣል። እሱ የከፍታው ነው፣ ወዲያው ይጠራል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ባየው ቁጥር «አላልኩም?» ይለኛል። ተውኩት።