የቀዩ ግሩፐር ግዛት በራስ መሐመድ

ወደ ራስ መሐመድ የወሰደኝ አንድ ዓሣ ነው። ስፍራው የስዌዝና የአቃባ ባሕረ ሰላጤዎች ከቀይ ባሕር የሚገናኙበት የሲና ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ ሲሆን ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1983 ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ከልላዋለች። አብረውኝ በጀልባ የሄዱት ጠላቂዎች ሻርክ ለማየት ይጓጉ ነበር። እኔ የፈለግሁት በኮራል ዐለት ሥር የሚኖረውን ቀይ ግሩፐር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሴፋሎፎሊስ ሚኒያታን ነበር።

የወረድነው ወደ ማምሻው ላይ ነው፤ ይህ ዓሣ በአብዛኛው የሚያድነው ሲነጋጋና ሲመሽ ነውና። ሃያ ሜትር ገደማ ስንደርስ ቀይ ቀለም ጠፋ። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጠው የኮራሉ ግድግዳ በሙሉ ሰማያዊና ግራጫ መስሏል። በአንድ ሽንቁር ውስጥ የጠቆረ ነገር አየሁና የእጅ ባትሪዬን አበራሁበት። ገላው እንደ ፍም ቀላ፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተነሰነሱት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ብልጭ አሉ። ያ ሁሉ ድምቀት ለመታየት የተሰጠው አይመስለኝም፤ እዚያ ጥልቀት ላይ ቀይ መሆን ከጥላው ጋር መመሳሰል ነው።

ከሽንቁሩ ፊት አንቲያስ የሚባሉት ትናንሽ ብርቱካናማ ዓሦች ይርመሰመሱ ነበር። ዋነኛ ምግቡ እነርሱ ናቸው፤ ግን ሲያሳድዳቸው አይውልም። አድፍጦ ይጠብቃል። አንዷ ስትጠጋው ተወርውሮ ሰፊ አፉን በድንገት ይከፍታል፤ ውሃው ከነዓሣዋ ተስቦ ይገባል።

ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ፒተር ፎርስኮል ነው። ከዴንማርክ ከተላከ የምርምር ቡድን ጋር መጥቶ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከጓዶቹ በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። የዛሬው መጥለቂያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የለፋውን ይህን ሰው ሳላከብር ማለፍ አልችልም።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ኑሯቸው ነው። አንድ ወንድ የያዘው ግዛት ለሴቶቹ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን ክፍል ትጠብቃለች፤ እርሱ እየዞረ ይጎበኛቸዋል። ባትሪዬን እንዳጠፋሁ አንድ ትልቅ ግሩፐር ከግድግዳው ጥግ ብቅ ብሎ በሁለት አነስተኛ ግሩፐሮች ሽንቁር በኩል ቀስ ብሎ አለፈ። ያ ወንድ ከሆነ ቀድሞ ሴት ነበር ማለት ነው፤ ዝርያው ሴት ሆኖ ጎልምሶ፣ በኋላ ወደ ወንድነት የሚለወጥ ነውና። የሚገርመው፣ የሚበላቸው አንቲያሶችም እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ አጥማጅ ትልቁን መርጦ ሲያወጣ የሚያጎድለው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሴቶችን ወንድ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ተለውጣ እስክትተካው ድረስ ግዛቱ ያለ ወንድ ይቆያል። በራስ መሐመድ ማጥመድ የተከለከለ በመሆኑ ያ ትልቅ ዓሣ ዙሩን መቀጠል ይችላል። ከፓርኩ ወሰን ውጭ ግን ዝርያው ከቀይ ባሕር እስከ መካከለኛው ፓስፊክ ደሴቶች በተሠራጨበት በብዙ ስፍራ መንጠቆና መረብ ይጠብቀዋል።