ባሕር ዳር ላይ መንገድ ቆርጦ የውሃ መስመር ማስገባት፦ ከማመልከቻ እስከ ርክክብ

የመንገድ ቁፋሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን የሚጽፈው ስለ ቁፋሮው ነው፤ ማመልከቻውን የሚመረምረው ባለሙያ ግን ማወቅ የሚፈልገው ስለ አመላለሱ፣ ማለትም ቦዩ ተደፍኖ መንገዱ እንደነበረ ስለሚሆንበት ሁኔታ ነው። ቦዩን ማን ይደፍነዋል? በምን ይደፍነዋል? ክረምት አልፎበት ቢሰምጥ ማን ይጠየቃል? ለእነዚህ መልስ የያዘ ፋይል ወደፊት ይሄዳል፣ ያልያዘው ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ስለዚህ ፋይሉን ከመጨረሻው ጀምሬ ነው ያዘጋጀሁት፤ መጀመሪያ አመላለሱን፣ ከዚያ ቁፋሮውን።

ሥራው ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ለአንድ ሕንጻ 63 ሚሊ ሜትር የኤችዲፒኢ (ተጣጣፊ ፕላስቲክ) የውሃ መስመር ማስገባት ነበር። ጠቅላላ ርዝመቱ 46 ሜትር ሲሆን 9 ሜትሩ አስፋልት ማቋረጫ፣ 30 ሜትሩ ኮብልስቶን፣ 7 ሜትሩ የእግረኛ መንገድ ነው። ይህንን ክፍፍል ማመልከቻው ላይ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ የመመለሻ ዋጋ በንጣፉ ዓይነት ስለሚለያይ «46 ሜትር መንገድ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉም በአስፋልት ሒሳብ ቢሰላበት ሊገርመው አይገባም።

ከሁሉ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ ይጠየቃል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የከተማ አስተዳደሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳርን አልፎ ወደ ጎንደር የሚሄደውን ዋና መንገድ የሚነካ ሥራ ከሆነ ግን የምትቆርጡት ክፍል በከተማው ነው ወይስ በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚጠገነው የሚለውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አረጋግጡ። ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት የገባ ደብዳቤ ተመልሶ አይመጣም፤ እዚያው ይቀመጣል።

ፋይሌ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የይዞታ ማረጋገጫና የግንባታ ፈቃድ ቅጂ፣ ሳይት ፕላን፣ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት መስመሩን ለማገናኘት የተስማማበት ደብዳቤ፣ የቦዩ ስፋትና ጥልቀት ከነንብርብሩ የሚታይበት ክሮኪ፣ የሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ ትራፊክ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንድ ገጽ ንድፍ፣ እንዲሁም ከኢትዮ ቴሌኮምና ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመስመር ማረጋገጫ። ደብዳቤዎቹን በተራ ሳይሆን በአንድ ላይ አስገቡ። በየመዝገብ ቤቱም የገቢ ቁጥርና ቀን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ያለ ገቢ ቁጥር ደብዳቤ መፈለግ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ከቴሌኮምና ከመብራት በኩል የወረቀት መልስ ብቻውን አይበቃም። «በተጠቀሰው ቦታ መስመር የለንም» የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው ካርታ ታይቶ ነው፤ መሬት ውስጥ ያለው ሁሉ ካርታው ላይ የለም። ስለዚህ ባለሙያው ቦታው ድረስ መጥቶ መስመሩን በቀለም እንዲያመለክትና በመስክ ማረጋገጫ ቅጽ ላይ እንዲፈርም በደብዳቤው ውስጥ ጠይቄ ነበር። ምልክቱ በዝናብም በእግርም ይጠፋል። በዚያው ዕለት ከማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከአጥር ማእዘን፣ በሜትር ለክቶ መመዝገብና ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። የኦፕቲክ ፋይበር ገመድ ከተቆረጠ የጥገናው ወጪ የቆፋሪው ነው፤ የተፈረመው ቅጽና ፎቶው ያኔ ዋጋቸው ይታወቃል።

ስለ ክፍያ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንዱ የማይመለስ የአገልግሎትና የመመለሻ ክፍያ ነው፤ ሌላው ሥራው በትክክል መመለሱ ከታየ በኋላ የሚመለስ መያዣ ነው። ሁለቱ በአንድ ደረሰኝ ከተጠቃለሉ መያዣውን ኋላ ማስመለስ ጭንቅ ይሆናል። ለየብቻ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኙ ላይም «መያዣ» የሚለው ቃል ይጻፍ። አስፋልቱን ራሳችሁ ትመልሱ እንደሆነ ወይስ ከተማው በከፈላችሁት ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ካልሰፈረ እስኪሰፍር ድረስ ቁፋሮ አትጀምሩ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ሲጠብቅ ጉድጓዱ ክረምት ይገባበታል።

የፈቃዱ ዘመን ደግሞ ከመቼ እንደሚቆጠር እዩ። ከተፈረመበት ቀን የሚቆጠር ከሆነና መስመሩን የሚያገናኘው የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ካልተገኘ ቀኑ ሳትቆፍሩ ያልቃል። ሥራው በሚጀመርበት ቀን እንዲቆጠር በማመልከቻው መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም እንጂ።

ጊዜ መምረጥ ባሕር ዳር ላይ ግማሽ ሥራ ነው። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለቀ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ። ስለዚህ «ዝናቡ ቆሟል» ብሎ በጥቅምት ሐይቅ ዳር የሚቆፍር ሰው ሰማዩ ጠርቶ ጉድጓዱ ውሃ ሲያመነጭ ያገኘዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለቁፋሮም ለአስፋልትም ይመቻል። ጥር ላይ ከተማው በጥምቀት ይሞላል፤ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ ላይ በ10 እና በ11 ክፍት ቦይ ማሰብ አይቻልም፣ ከቀናት በፊት ተደፍኖ መጠቅጠቅ አለበት። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ የከተማው ማሽንም ባለሙያም ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ቁፋሮው የሚጀመረው በሙከራ ጉድጓድ ነው። በምልክቱ ላይ፣ መስመር ይገናኛል ተብሎ በሚጠረጠርበት ሁሉ፣ 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር በአካፋና በዶማ ብቻ ይቆፈራል። ዲጂኖም ኤክስካቫተርም አይጠጋም። በቆዩ ሰፈሮች ማንም ካርታ ላይ ያላስገባው የቤት ለቤት የጂአይ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ቧንቧ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ግራጫና ጠንካራ፣ ሲሚንቶ የሚመስል አሮጌ ቧንቧ ከገጠማችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በግራይንደር አትቁረጡት፤ አቧራው አደገኛ ነው። ለውሃ አገልግሎቱ አሳውቁ።

የቦዩ ስፋት በሁሉም ቦታ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ በአስፋልት ሥር 1.10 ሜትር፣ በቀረው 80 ሳንቲ ሜትር ነበር። የሚወጣው አፈር ወደ 20 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ሲፈታ 25 ገደማ ስለሚሆን በሲኖ ትራክ ሁለት ምልልስ ነው። አፈሩ ከቦዩ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የት እንደሚደፋም ከፈቃዱ ጋር ይጠየቃል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ ሐይቅ ዳርም ሆነ ረግረግ ላይ አፈር መድፋት አይፈቀድም። በእምቦጭ የተቸገረ ሐይቅ ላይ ደለል መጨመር ነውርም ነው። በዋና መንገዶች ዳር ያሉት ዘንባባዎችም ሥሮቻቸው ወደ ጎን የተዘረጉ ስለሆኑ መስመሩን ማዞር ከመቁረጥ ይቀላል፤ ለመቁረጥ ሌላ ፈቃድ ሌላ ቢሮ አለ።

አስፋልቱ መጀመሪያ በአስፋልት ከተር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። በጃክ ሀመር ብቻ ከተነሳ ጠርዙ ይሰነጠቅና ንጣፉ ወደ ጎን ይላቀቃል። ማቋረጫውን ግማሽ ግማሹን፣ 4.5 ሜትር በ4.5 ሜትር ነው የሠራነው፤ በቀረው ግማሽ ባጃጅና ብስክሌት ያልፋል። ቧንቧው በ110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ወደፊት ቢበላሽ አስፋልት ሳይቆረጥ ይመዘዛል። ኤችዲፒኢውን በ50 ሜትር ጥቅል ከገዛችሁት 46ቱም ሜትር ያለ መጋጠሚያ ይገባል፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ ከአስፋልት ሥር የሚያስቀር ሰው ፈቃዱን እንደገና መጠየቁ አይቀርም። ሌሊት ክፍት የሚቆይ ቦይ ቆርቆሮና አንጸባራቂ ሪባን ብቻ አይበቃውም፤ መብራት ሲጠፋ የመንገዱም ስለሚጠፋ በሶላር የሚሠራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያስፈልጋል። ለመሻገሪያ 12 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለእግረኛና ለባጃጅ ይሆናል፤ ለጭነት መኪና 20 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይረፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አደፋፈኑ። ከቦዩ የወጣውን አፈር መልሶ መክተት የሚያስቀጣው ለምንድን ነው? ባሕር ዳር ላይ ብዙ ቦታ የሚወጣው መረሬ ነው፤ ጥቁሩ የሸክላ አፈር። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ምንም ያህል ቢጠቀጠቅ በሚቀጥለው ዓመት አስፋልቱን ወይ ያነሳዋል ወይ ይዞት ይወርዳል። ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይም እንዲሁ ቧንቧ ላይ አይመለስም፤ አንድ ሹል ድንጋይ ኤችዲፒኢን ቀስ ብሎ ይበሳዋል።

ስለዚህ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ቧንቧው፣ ከቧንቧው በላይ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፤ ለ46 ሜትሩ ከነብክነቱ 10 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ከዚያ በላይ ሰሌክት፣ ማለትም ከሌላ ቦታ የሚመጣ የማያብጥ የተመረጠ አፈር፤ እሱም 10 ሜትር ኩብ ገደማ። ከቧንቧው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የማስጠንቀቂያ ሪባን ይነጠፋል። አሸዋው በእጅ መምቻ ይጠቀጠቃል፤ ሰሌክቱ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተሞላ በጃምፒንግ ኮምፓክተር ቢያንስ አራት ጊዜ ይመታል። ተማሪ እንኳ የሚያውቀው ይህ ንብርብር ነው በየቦታው የሚዘለለው፦ 50 ሳንቲ ሜትር አንዴ ተሞልቶ ከላይ ይመታል፣ ላዩ ድንጋይ ይመስላል፣ ታችኛው ልቅ ነው፣ ሐምሌ ላይ ይሰምጣል። እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል፦ አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ እጅ ካላረጠበ ደህና ነው። የከተማው ባለሙያ የጥቅጥቆሽ ምርመራ ከጠየቀ ግቡ አፈሩ በላቦራቶሪ ከሚደርስበት ከፍተኛ ደረቅ ጥግግት 95 በመቶ ነው።

ወደ ሐይቁ ተዳፋት በሆነ ቦታ ሌላ ችግር አለ። ቦዩ ውስጥ ያለው አሸዋ ውሃ ይሰበስባል፣ ክረምት ላይ ከመንገዱ ሥር ወንዝ ሆኖ ይወርዳል፣ አሸዋውንም ይዞ ይሄዳል። በየ10 እስከ 15 ሜትሩ በአሸዋው ምትክ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የተጠቀጠቀ ሸክላ መግደቢያ ማድረግ ይህን ያስቆማል። መረሬው የሚጠቅምበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

ቦዩ ሳይሸፈን ቧንቧው በሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተሻል፤ ፈታሹም በቅጽ ላይ ይፈርማል።

ኮብልስቶኑ 10 በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከቦዩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረድፍ ተጨምሮ ይነሳል፤ ስለዚህ 70 ሳንቲ ሜትር በ30 ሜትር፣ 21 ካሬ ይሆናል፣ ከ1,700 ድንጋይ በላይ ነው። ድንጋዩ ተለይቶ ጥግ ላይ ይደርደር፤ መንገድ ዳር የተበተነ ድንጋይ ሌሊቱን ይቀንሳል። ሲመለስ ከታቹ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ለልክ ከተወጠረው ሲባጎ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተነጥፎ በፕሌት ኮምፓክተር ወደ ልኩ ይወርዳል። የከርብ ስቶኑ ጠርዝ ከተነካ ቀድሞ በኮንክሪት ይታሰር፤ ጠርዝ የሌለው ኮብልስቶን ወደ ጎን ይፈሳል።

በአስፋልቱ ክፍል ከሰሌክቱ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቤዝ ኮርስ (የተፈጨ ጠጠር) ነው፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ትኩስ አስፋልት። ከመንጠፉ በፊት የአሮጌው አስፋልት ጠርዝ በሁለቱም ወገን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንደገና ይቆረጣል፤ ቁፋሮው ያናጋው ጠርዝ ይወገዳል፣ አዲሱም ያልተነካ መሬት ላይ ያርፋል። ቤዙ ላይ ኤምሲ 30 የሚባለው ቀጭን ሬንጅ ይረጫል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ጠርዙም ሬንጅ ይቀባል። ስፋቱ 8 ካሬ ገደማ ስለሆነ የሚያስፈልገው አስፋልት አንድ ቶን ነው፤ ለአንድ ቶን ደግሞ ማንም ፋብሪካ አያነድም። መፍትሔው የጥገና ቡድን ሌላ ቦታ በሚያነጥፍበት ቀን መጠጋት ነው። ቀኑን ቀድሞ ጠይቆ ሥራን በዚያ መሠረት ማሰለፍ እንጂ ቆፍሮ መጠበቅ አያዋጣም። መኪናው ደርሶ አስፋልቱ ከ120 ዲግሪ በታች ከወረደ አትቀበሉት፤ ይነጠፋል እንጂ አይጠቀጠቅም።

ርክክቡ ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ሲያልቅ ነው፦ ሜትር ተዘርግቶ የተነሱ የንብርብሩ ፎቶዎች፣ የፍተሻ ቅጹ፣ የአፈር መድፊያው ማረጋገጫ ተያይዘው ይገባሉ። ሁለተኛው አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ መያዣው ሲመለስ ነው። ጥቅምት ላይ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ራሳችሁ 2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) ከቦዩ ላይ በአግድም ጣሉበት። ከሥሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት ጠግኑት። ከዚያ የመያዣውን ደረሰኝ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን አያይዛችሁ አስገቡ፤ ዋናው ገንዘቡ እስኪከፈል እጃችሁ ላይ ይቆይ።