ራስን መከላከልና የተነካካ ሽጉጥ

ከሁለት ዓመት በፊት በሜሪላንድ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው፣ እንደ አባት የማከብራቸው ሰው ከባንኮኒው ሥር ሽጉጣቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ከበስተኋላው ከሳንቲም ብዙም የማይተልቅ ጥቁር ብረት ተገጥሞበታል። «ሁለት ጊዜ ተዘርፌአለሁ፤ ለሦስተኛው ይኼ ይበቃዋል» አሉኝ። የገጠመላቸው በኢንተርኔት ያዘዘ አንድ ወጣት ነበር። እኔ በጠበቃ ቢሮ በረዳትነት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ብረቱን ሳየው ደነገጥኩ። ያን ዕለት የነገርኳቸውን አሁን በፈቃዳቸው እጽፈዋለሁ።

ያቺ ብረት ስዊች ትባላለች። ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰውን ሽጉጥ ጣት እስኪነሣ ድረስ በተከታታይ እንዲተኩስ ታደርገዋለች። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለው መሣሪያ መትረየስ ነው፤ ስዊቿም ሳትገጠም መሳቢያ ውስጥ ብትገኝ እንኳ ለብቻዋ እንደ መትረየስ ትቆጠራለች። በ1934 የወጣው ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መትረየስን፣ የድምፅ ማፈኛን፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃንና ከ18 ኢንች ያጠረ ሾትገንን ሳያስመዘግቡ መያዝን የከለከለ ሲሆን፣ ከሜይ 1986 ወዲህ የተሠራ መትረየስን ግን ግለሰብ በምዝገባም ቢሆን ሊይዘው አይችልም። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል።

«እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም፤ ራሴን ልከላከል ነው» አሉ ጋሼ። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ራስን የመከላከል መብት «ለምን ተኮስክ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል እንጂ «ይህን መሣሪያ ለምን ያዝክ?» ለሚለው አይሆንም። በ1984 በርንሃርድ ጌትዝ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ገንዘብ ስጠን ያሉትን አራት ወጣቶች በጥይት መታ። በ1987 የዳኝነት ሸንጎው ከግድያ ሙከራ ክስ ነጻ ቢያደርገውም፣ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ በመያዙ ጥፋተኛ ተብሎ ከስምንት ወር በላይ ታስሯል። በ1996 ደግሞ ሽባ ሆኖ ለቀረው ወጣት 43 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። የጌትዝ ሽጉጥ ፈቃድ አልነበረውም እንጂ ያልተነካካ ተራ ሽጉጥ ነበር።

የተነካካው መሣሪያ የመከላከል ክርክሩንም ያዳክመዋል። በእኛም በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ እንደተደነገገው፣ መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። 17 ጥይት የጎረሰ ካዝና በስዊች ሲተኮስ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ዘራፊው በሦስተኛው ጥይት ወድቆ ከሆነ የቀሩት 14 ጥይቶች ለምን እንደተተኮሱ ዐቃቤ ሕጉ መጠየቁ አይቀርም። ከመካከላቸው አንዷ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ብታገኝስ? «አላወቅሁም» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። በ1994 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ የመሣሪያውን ባሕርይ ያውቅ እንደነበር ማስረዳት አለበት ሲል ወስኗል፤ ጋሼ ግን ሽጉጣቸው በተከታታይ እንደሚተኩስ በኩራት ነበር ያወሩልኝ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። መትረየስ መያዝ ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባድ ወንጀሎች ተርታ የተመደበ በመሆኑ ጥገኝነትንም ዜግነትንም ይዘጋል፤ ሃያ ዓመት ግብር መክፈልና ልጆችን እዚህ ማሳደግ ይህን አይለውጠውም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዞር ብለው ግድግዳው ላይ በፕላስተር የለጠፉትን ወረቀት አዩ። የዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀጠሯቸው ነበር።

«እንግዲያው አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ ላስረክበው» ብለው ተነሡ። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው፤ መሣሪያውን በመኪና ይዞ መንቀሳቀስም ሆነ ያለ ጠበቃ ቃል መስጠት በራሱ አደጋ አለው። በማግስቱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በወንጀልም በኢሚግሬሽንም ልምድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ሄዱ፤ ሽጉጡንም የነካው ሰው አልነበረም።