ለአንድ ሰው ብቻ የበቃ አበል

ጆሴፍ ሮትብላት በ1908 ዋርሶ ተወለዱ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው በፈረስ ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ ነበራቸው፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ቤቱን አደኸየው። ልጅየው ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ እየሠሩ ማታ ፊዚክስ ተማሩ።

ሲመራመሩበት የነበረው የዋርሶ ላቦራቶሪ ትልቁ ሀብቱ 30 ሚሊግራም ያህል በፈሳሽ የሟሟ፣ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ብረት ነበር። ከፈሳሹ የሚወጣውን የራዶን ጋዝ አጠራቅመው፣ የቤሪሊየም ዱቄት ባለበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይሞሉታል፤ ከራዶኑ የሚወጣው የአልፋ ቅንጣት ቤሪሊየሙን ሲመታ ለምርምሩ የሚፈለገው ኒውትሮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሊት የሌለው የአቶም ቅንጣት፣ ይገኛል። ችግሩ ራዶን በ3.8 ቀን ግማሹ ማለቁ ነው። በሳምንቱ የሚቀረው ከሲሶ በታች ስለሆነ፣ ልኬቱ ቶሎ ካልተጠናቀቀ ቱቦውን እንደገና መሙላት ግድ ይላል።

በ1939 እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ሄዱ። ኒውትሮንን ያገኙት ጄምስ ቻድዊክ እዚያ ሳይክሎትሮን (የአቶም ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ መሣሪያ) እያሠሩ ስለነበር፣ አሠራሩን ተምረው አገራቸው ላይ ሊተክሉ ነበር ሐሳባቸው። ለምርምር የተሰጣቸው አበል ግን ለሁለት ስለማይበቃ ባለቤታቸው ቶላ ዋርሶ ቀሩ። ስደት ያየ ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሲደላደል ሌላውን ይጠራል።

ቻድዊክ ተጨማሪ አበል ሰጧቸውና ገቢያቸው እጥፍ ሆነ። ሮትብላት ኦገስት ላይ ባለቤታቸውን ሊያመጡ ተመለሱ። ቶላ በትርፍ አንጀት ታመው ነበርና መንገዱን አልቻሉም፤ ሲሻላቸው ሊከተሉ ተስማሙ። እሳቸው በወሩ መጨረሻ ብቻቸውን ተሳፈሩ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረች።

ከዚያ ወዲያ ያልተንኳኳ በር የለም። በዴንማርክ በኩል ሞከሩ፤ ኤፕሪል 1940 ዴንማርክ ተያዘች። በቤልጂየም በኩል ሞከሩ፤ ሜይ ላይ እሷም ተወረረች። ጣሊያን ቀረች፤ ጁን ላይ ጦርነቱን ተቀላቀለች። ቶላን ናዚዎች ገደሏቸው። ሮትብላት ዳግመኛ አላገቡም።

በ1944 የአሜሪካ የአቶም ቦምብ ይሠራበት ወደነበረው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የገቡት ጀርመን የአቶም ቦምብ ቀድማ እንዳትታጠቅ ፈርተው ነው። እንደማትሠራ ሲያውቁ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ትተው ወጡ። በእኔ ግምት ከሳይንሳቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ውሳኔ ነው። በ1946 የእንግሊዝ ዜግነት ወሰዱ፤ ቆይተውም ለንደን በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነው ጨረር በሕያው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጠኑ።

በ1957 የተጀመረውን፣ ሳይንቲስቶች ስለ ኑክሌር መሣሪያ የሚመክሩበትን የፐግዋሽ ጉባኤ እስከ 1973 በዋና ጸሐፊነት መሩ፤ በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከጉባኤው ጋር ተካፈሉ። 15ኛው ስብሰባ በ1965 መጨረሻ አዲስ አበባ ተቀመጠ፤ ርእሱም ሳይንስ ለታዳጊ አገሮች ስለሚሰጠው ጥቅም ነበር። ተከታዩ በ1966 ፖላንድ ውስጥ፣ ሶፖት ከተማ ተካሄደ።