ሁለተኛውን አውቶብስ የሚተካ ብስክሌት

በትልቅ ከተማ ውስጥ መንገድ ሳሰላ መጀመሪያ የማስበው ርቀቱን ሳይሆን ቆሞ የሚጠበቀውን ጊዜ ነው። ባቡር ውስጥ ተቀምጠው የሚያልፉ 20 ደቂቃዎች አይታወቁም፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ ስምንት ደቂቃ መጠበቅ ግን ቀን ያበላሻል። አውቶብሱ በየ10 ደቂቃው እኩል እየተራራቀ ቢመጣ፣ ሰዓት ሳያይ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ችግሩ እኩል ተራርቆ አለመምጣቱ ነው። ትንሽ የዘገየ አውቶብስ በሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል፤ ያንን ሲጭን ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የሚጭነው ሰው ስለሚያጣ ይደርስበታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው በየ20 ደቂቃው ይመጣሉ፣ አማካዩም 10 ደቂቃ ይሆናል። የአውቶብሱ ብዛት አልቀነሰም፤ የተበላሸው ክፍተቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ታጭቆ የመጣውን ከመሳፈሬ በፊት ስልኬ ላይ ተከታዩን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ባዶውን እየመጣ ነው።

የጋራ ብስክሌት፣ ማለትም ከአንድ ጣቢያ ተከራይተው ሌላ ጣቢያ ላይ የሚመልሱት፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከባቡር ጋር ያወዳድረዋል፤ እኔ የማወዳድረው ከባቡር ወርደን ከምንጠብቀው ከሁለተኛው አውቶብስ ጋር ነው። በእግር በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይኬዳል። በብስክሌት፣ የትራፊክ መብራቱን ጨምሮ፣ 200 ሜትር ቢባል አይበዛም። 2 ኪሎ ሜትር በእግር 25 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ በብስክሌት 10 ደቂቃ፣ መክፈቻና መመለሻ ሲጨመር 13 ቢሆን ነው። አውቶብሱ ለመንዳቱ 7 ደቂቃ ቢበቃውም የሚጠበቅበት ጊዜ አይታወቅም። ከቤት እስከ መድረሻ ከ3 ኪሎ ሜትር ለሚያንስ መንገድ ብስክሌት ብቻውን ያሸንፋል፤ የምድር ውስጥ ባቡር ጋ ወርዶ መሳፈሪያው ድረስ መሄድና መልሶ መውጣት ራሱ 5 ደቂቃ ይበላል። ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ወደ 20 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ከባቡር ጋር መፎካከር ለላብ ነው።

ብስክሌት መምረጥ ዓይን ይፈልጋል። ኮርቻው ወደ ኋላ የዞረ ካለ አይነካም፤ ተጠቃሚዎች ለሚቀጥለው ሰው «ይሄ ተበላሽቷል» የሚሉት እንደዚያ ነው። ጣቢያው ላይ አንድ ብቻ ቀርቶ ካየሁም እጠራጠራለሁ። መተግበሪያው «1 አለ» ይላል እንጂ ከእኔ በፊት የመጣው ሁሉ አይቶ እንደተወው አይናገርም። ከመክፈቴ በፊት ሁለቱንም ጎማ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ ገባ ካለ ይቀራል። ሁለቱንም ፍሬን እይዛለሁ፤ እጀታው መሪውን እስኪነካ ከመጣ ገመዱ ላልቷል ማለት ነው። ኮርቻውን ካጠበቅኩ በኋላ በሁለት እጅ ለማዞር እሞክራለሁ፤ አሁን የዞረ ኮርቻ መንገድ ላይ መስመጡ አይቀርም። ከፍታው ልክ የሚሆነው ተረከዝ ፔዳል ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ሲል ነው፤ ከዚያ በእግር ፊተኛው ክፍል ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። የኮርቻው ዘንግ ላይ ቁጥር ካለ የራስን ቁጥር መያዝ ነው። አብዛኛው ሰው ዝቅ አድርጎ እየነዳ ብስክሌቱን ከባድ ነው ይላል፤ የከበደው ግን ጉልበቱ ነው።

ማርሹ ብዙ ጊዜ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተደበቀ ነው። እንዲህ ያለው ቆሞም ይቀየራል፤ ስለዚህ መብራት ላይ ሲቆም ወደ ቀላሉ መመለስ ይቻላል። እየሄዱ ሲቀይሩ ግን ፔዳሉን ለአፍታ ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። እየተረገጠ ከተቀየረ ያንቋቋል፣ አንዳንዴም ባዶውን ይዞራል፤ ዳገት ላይ ይሄ ከደረሰ እግር ከፔዳል ያመልጣል።

መንገድ ላይ ከሁሉ የምፈራው የትራም ሐዲድ ነው፣ በተለይ ሲረጥብ። ጎማው ከሐዲዱ ጎን ያለው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ መሪ መቆጣጠር አይቻልም። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መቁረጥ ነው፤ ጎን ለጎን እየሄዱ በስሱ መሻገር አይሆንም። መስቀለኛ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጎንም ገብቶ መቆም ክልክል እንደሆነ እቆጥረዋለሁ፤ ሲታጠፍ ሾፌሩ አያየኝም። ከቆሙ መኪናዎች አንድ ሜትር ያህል መራቅ የሚያስፈልገው ደግሞ በር በድንገት ስለሚከፈት ነው።

ባዶ ጣቢያ ያናድዳል፤ ሙሉ ጣቢያ ይብሳል፣ ምክንያቱም መመለሻ ቦታ ጠፍቶ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ብዙ ቦታ በአንድ ጉዞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቀደው 30 ወይም 45 ደቂቃ ነው። ጠዋት ሁሉም ከመኖሪያ ሰፈር ወደ ቢሮ ሰፈር ስለሚነዳ የቢሮው ጣቢያ ይሞላል። ዳገት ላይ ያለው ደግሞ ይራቆታል፤ ሰው ቁልቁል ነድቶ ሽቅቡን በባቡር ይመለሳል። ፓሪስ ከፍታ ላይ ወዳሉ ጣቢያዎች ለሚመልስ ሰው ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት የጀመረችው ለዚህ ነበር። እኔ ከመነሳቴ በፊት መድረሻው ላይ አራት አምስት ባዶ መቆለፊያ መኖሩን አያለሁ፤ አንድ ብቻ ካለ እስክደርስ ይያዛል። ተጠባባቂ ጣቢያ የምመርጠው ደግሞ ከመድረሻው ወዲህ፣ መንገዴ ላይ ያለውን ነው። አንዳንዱ ሲስተም ሙሉ መሆኑን ማሽኑ ላይ ላስመዘገበ ሰው ደቂቃ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሲመለስ ገፋ አድርጎ ማስገባት፣ አረንጓዴውን መብራት መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከመጣ አልተቆለፈም። መብራቱ ካልበራ የጣቢያውን ቁጥር ይዞ ለደንበኞች አገልግሎት መደወል ያለበት እዚያው ቆሞ ነው፤ ቤት ገብቶ የሚደረግ ክርክር ይከብዳል። ጣቢያ የሌለው ዓይነት ከሆነ ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ጂፒኤስ ቦታውን ይስታል፤ ከማቆሚያ ክልሉ ውጭ ነህ ካለ ጥቂት ሜትር ወደ ገላጣ ቦታ ገፍቶ መሞከር፣ ካቆሙት በኋላም ፎቶ ማንሳት ይበጃል።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1965 አምስተርዳም ላይ ነጭ ቀለም ተቀብተው ያለ ቁልፍ የተለቀቁትን ብስክሌቶች ፖሊስ ሰበሰባቸው፤ በ1995 ኮፐንሃገን በሳንቲም መያዣ የሚከፈቱ አቀረበች፤ የሳንቲሙ ዘዴ ግን ማን እንደወሰደው አያውቅም ነበር። በ2005 ሊዮን፣ በ2007 ፓሪስ ያስፋፉት በካርድ የሚሠራው ዓይነት ግን ተጠቃሚውን በስሙ ያውቀዋል። ለዚህም ነው ለጊዜያዊ ተጠቃሚ ባንክ ላይ መያዣ ገንዘብ የሚታገደው። እገዳው ወጪ አይደለም፣ ግን ለቀናት አይለቀቅም፤ ስለዚህ ቀሪ ሒሳቡ ጠባብ የሆነ ካርድ ማስመዝገብ አያዋጣም። መውጫው ላይም ካርድ በሚነካበት ባቡር፣ ሰው በገባበት ካርድ መውጣት አለበት፤ ስልኩና ፕላስቲኩ የአንድ ሒሳብ ቢሆኑም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። በስልክ ገብቶ በፕላስቲኩ የወጣ ሰው ሁለት ያልተዘጉ ጉዞዎች ይመዘገቡበትና ለሁለቱም ሊቀጣ ይችላል።