በር ከፍተን የዋልንበት ቅዳሜ

ሰዓሊዎችና የህትመት ሰሪዎች ሆነን የምንሰራበትን ህንጻ ዛሬ ለህዝብ ከፍተን ዋልን። ድምፄ ተዘግቷል እግሬም አልቋል፣ ግን ሳልፅፈው ብተኛ ግማሹ ይጠፋብኛል።

ሳምንቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ፅዳት ነው። አንዳንዱ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ ጠረጴዛውን አውጥቶ፣ ስራውን በመስመር ሰቅሎ ቁጭ ጋለሪ አስመሰለው። እኔ ደግሞ ጋለሪ የፈለገ ጋለሪ ይሄዳል፣ እዚህ የሚመጣው የምንሰራበትን ሊያይ አይደል እንዴ ብዬ ሞገትኩ፣ ሰዓሊውን ፍራንሲስ ቤከንንም አነሳሁባቸው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ለንደን ውስጥ የሰራበት ክፍል እግር ማሳረፊያ አልነበረውም፣ በ1992 ከሞተ በኋላ ግን ደብሊን ያለው ሂው ሌን ጋለሪ ከ7,000 በላይ እቃ እየመዘገበ፣ በሩን ግድግዳውን አቧራውን ሳይቀር አጓጉዞ በ2001 እንደነበረ አድርጎ ለህዝብ ከፈተው። ጎረቤቴ ሰዓሊዋ ሰምታኝ ሰምታኝ «እሱ እኮ ሞቶ ነው፣ አንተ በህይወት አለህ፣ ጥረግ» አለችኝ።

የቀለም መጥረጊያው ጨርቅ ላይ ግን ማንም አልተከራከረም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተከመረ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል፣ ክምር ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሁሉም ጨርቅ ውሃ ያለበት ክዳናም የብረት ባልዲ ውስጥ ገባ። እኔም ስዕል የማትመው መዳብ ላይ ቆፍሬ ነውና መዳቡን የሚበላውን ኬሚካል ቆለፍኩበት፣ ልጆች ይመጣሉና።

ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ ያመነታል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳን «መግባት ይቻላል?» ይላል፣ ከገባም በኋላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በዝምታ ይዞራል። ይሄን ዝምታ የሰበረልኝ የህትመት ማሽኑ ነው። መዳቡ ላይ ቀለም ቀባሁና መልሼ ስጠርገው አንዲት ትንሽ ልጅ «ለምን ታጠፋዋለህ?» አለች። አላጠፋሁትም፣ የቀረው የተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው አልኳትና እርጥቡን ወረቀት አልብሼ የማሽኑን መሪ ለሷ ሰጠኋት። ከበዳት፣ አባቷ ሊያግዛት ሲጠጋ በክርኗ ገፋችው ሃሃ። ወረቀቱን ስትገልጠው መዳቡ ላይ ወደ ግራ የምታየው ወፍ ወደ ቀኝ ዞራለች፣ ልጅቷ መዳቡንና ወረቀቱን እያፈራረቀች ስታይ ከኋላዋ ሰልፍ ተሰራ።

አንድ ሰውዬ ደግሞ ከስሩ በእርሳስ የተፃፈችውን 3/20 (ከሃያው ህትመት ሶስተኛው ማለት ነው) አይቶ «እንግዲህ ኮፒ ነዋ!» አለኝ። ኦሪጅናሉስ የታለ ሲል መዳቡን አሳየሁት፣ አልጠገበም። እያንዳንዱ ወረቀት ራሱ ኦሪጅናል ነው፣ በየጊዜው በእጅ ነው የሚቀባው የሚጠረገው፣ ሃያው ሲያልቅ መዳቡን ጭሬ አበላሸዋለሁ ስለው በጣም ደነገጠ። ከ«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» ግን ይሄ ይሻለኛል፣ እሷን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል፣ መልሱን ሰምቶ ምን እንደሚያደርግበት እንጃ።

ያልወደድኩት አንድ እንግዳ አለ። ስራ የሚባል አላየም፣ መስኮትና የጣሪያውን ከፍታ ሲመለከት ቆይቶ ክፍሎቹ ይከራዩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይሄኔ የኒውዮርኩ ሶሆ ትዝ ይለኛል፣ ባዶ የቀሩትን የፋብሪካ ፎቆች ሰዓሊዎች ገቡባቸው፣ ከተማውም እ.ኤ.አ. በ1971 እዚያ መኖራቸውን ህጋዊ አደረገላቸው፣ ኋላ ግን ሰፈሩ ተወደደና ኪራዩ ራሳቸውን ሰዓሊዎቹን ገፍቶ አስወጣ። በር ስንከፍት ይሄም አብሮ እንደሚገባ እናውቃለን፣ ግን ዘግተን ብንቀመጥ ማን እንደምንሰራ ያውቃል?

ጎረቤቴ ያልጨረሰችውን ትልቁን ሸራ በአንሶላ ሸፍናው ነው የዋለችው። ሰው ሁሉ የጠየቃት ስለ አንሶላው ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ያለቁ ስራዎች ትቶ። ተናዳለች። ግለጪው አልኳት፣ እምቢ አለች፣ ያላለቀ ስራ ላይ የሰው አስተያየት ከሰማሁ እጄ ይተሳሰራል አለች፣ ይሄ ደግሞ እውነቷን ነው፣ እኔ ማሽን የማዞረውና እሷ ባዶ ሸራ ፊት የምትቆመው አንድ አይደለም። በሚቀጥለው ዙር መክፈት የማይፈልግ እንዳይከፍት ማታ ተስማምተናል፣ እሷ ግን እከፍታለሁ፣ አንሶላውን ግን አላነሳም ብላለች።