ተራሽ ነው

በስደት ካፈራኋቸው ወዳጆች መካከል የአብዛኞቹን ፊት አይቼ አላውቅም። የማውቀው ስንት ሰዓት እንደሚነቁ፣ መቼ እንደሚደክማቸው፣ ሲሸነፉ የሚያኮርፈውና የሚስቀው የትኛው እንደሆነ ነው። «እሱም ወዳጅነት ሆኖ!» የሚሉኝ ዘመዶች አሉኝ። እነሱ አልፎ አልፎ ይደውሉና «ደህና ነሽ? እኛም ደህና ነን» ብለው ይዘጋሉ። የእኔዎቹ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳይቀር «ተራሽ ነው» ይሉኛል።

የማወራው በስልክ ስለሚጫወቱት የቃላት ጨዋታ ነው። ስክራብልን የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ገበታው 15 በ15 ሆኖ 225 ቤቶች አሉት። ከ100 ጠጠሮች 98ቱ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ሁለቱ ባዶ ስለሆኑ በተፈለገው ፊደል ምትክ ይገባሉ። ተጫዋቹ ሰባት ጠጠር ይይዝና ገበታው ላይ ካለው ቃል ጋር የሚገጥም ሌላ ቃል ይሠራል። ሰባቱንም በአንድ ተራ ካወረደ 50 ነጥብ ይመረቅለታል። በስልክ ሲሆን ታዲያ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በአንድ ጊዜ መቀመጥ አይጠበቅባቸውም። አንዱ ቃሉን አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሌላው በሚኖርበት ክፍለ ዓለም ሲነጋ አይቶ ይመልሳል። አንድ ጨዋታ ቀናት ይፈጃል። እኛን ያወዳጀን በተራና በተራ መካከል ያለው ይህ ረጅም ክፍተት ይመስለኛል።

ስጀምር ዓላማዬ እንግሊዝኛ መማር ነበር። ጨዋታው ለዚያ ብዙም እንደማይጠቅም የገባኝ ቶሎ ነው። የሚፈለጉት ቃላት ማንም በአፉ የማይናገራቸው ናቸው። ለውድድር ከተፈቀዱት ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ብቻ ከመቶ በላይ አሉ፤ ግማሾቹን የአገሬው ተወላጅ ራሱ ሰምቷቸው አያውቅም። ግን ይኸው ጉድለቱ ለእኔ በጎ ነገር ይዞ መጣ። በሥራ ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር «ይቅርታ፣ ምን አልሽ?» ይከተለኛል። ደግሜ ስናገር ድምፄ ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ላይ «ምንም አይደለም» ብዬ እተወዋለሁ። ገበታው ላይ የአነጋገር ቃና የለም። ቃሉ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ማሽኑ ከተቀበለው የማንም ፊት አይቋጠርም።

ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር። የቃላት ዝርዝሩን በቃሉ አጥንቶ ገብቶ ነው ያሸነፈው። በ2024 ደግሞ ያንኑ በስፓኒሽ ደገመው። እኔ የእሱን ጭንቅላት አላገኘሁም፤ ነገር ግን ቋንቋው የአባቱ ርስት ባልሆነበት ገበታ ላይ ባለቤቶቹን የሚረታ ሰው መኖሩን ሳውቅ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

የመጀመሪያዋ ወዳጄ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ለረጅም ጊዜ ከ«ጥሩ ጨዋታ ነበር» በቀር አንዳችም አልተባባልንም። አንድ ቀን ግን ክፉኛ ካሸነፉኝ በኋላ በመልእክት ሳጥኑ ምክር ላኩልኝ። አናባቢና ተነባቢውን አመጣጥኜ እንድይዝ፣ ቦታ የማይገኝለትን ፊደል ኪውን (Q) ታቅፌ ጨዋታው እስኪያልቅ እንዳልጠብቅ፣ ኤስን ደግሞ በርካሽ እንዳልጥል መከሩኝ። ኤስ በከረጢቱ ውስጥ አራት ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ስም ወደ ብዙ ቁጥር ስለሚቀይር ሆን ተብሎ ነው ያሳነሱት። «ቃል ፈልገሽ ብቻ አታስቀምጪ፤ ለእኔ የምትተዪልኝንም ክፍተት እይ» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ የራሴን ጠጠር ብቻ ነበር የማየው።

እሳቸው የሚጫወቱት ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ያ ሰዓት ለእኔ የሌሊት ሥራዬ የዕረፍት ጊዜ ነው። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ኮሪደሩ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ኩባያ ነገር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ስልኬ «ተራሽ ነው» ይላል። አንድ ሰሞን ግን የእሳቸው አጨዋወት ተለወጠ። ችኮላ በዛ። ባዶውን ጠጠር ለስምንት ነጥብ አባከኑ፤ ሦስት እጥፍ የሚሰጠውን ቤት ከፍተውልኝ ሄዱ። ያሸነፍኩት እኔ ብሆንም ደስ አላለኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ይህ የእርስዎ እጅ አይደለም። ደህና ነዎት?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ የመጣው ከባለቤታቸው ነበር። ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሐኪም ስልክ ከልክሏቸዋል፤ እሳቸው ከአልጋ ሆነው ቃል ይጠራሉ፤ ባልየው ግን «እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ» ይላሉ። ዓይናቸው ሲድን መጀመሪያ የጻፉልኝ ነገር «ያንን የስምንት ነጥብ ነገር በእኔ እንዳትቆጥሪብኝ» የሚል ነው።

ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች ማጋነን ይመስላቸዋል። በ2022 በአሜሪካ የሆነውን ግን ጋዜጦች ጽፈውታል። ጆሽ ዋርድል የሠራው ወርድል የሚባለው ጨዋታ በዚያ ዓመት ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ ባለ አምስት ፊደሉን የዕለት ቃል በስድስት ሙከራ ማግኘት ነው ነገሩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ውጤታቸውን በየቀኑ ለልጃቸው ይልኩ ነበር። አንድ ቀን ሳይልኩ ቀሩ። ሩቅ ከተማ የምትኖረው ልጅ ጠረጠረች፤ ፖሊስ ቤታቸው ሲሄድ እናትየው ሰብሮ በገባ ሰው ታግተው ምድር ቤት ተቆልፎባቸው ተገኙ፤ በሕይወት ወጡ። አረጋውያንን ሌሊቱን ሙሉ የሚያይ ሰው እንደመሆኔ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩት ከዚህ የተሻለ የደህንነት ምልክት በብዙ ገንዘብ የሚሸጥ መሣሪያ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

መጥፎውም አለ። ቃል የሚያወጣ ፕሮግራም ከጎናቸው ከፍተው የሚጫወቱትን አልከሳቸውም፤ ይሰለቹኛል፣ እተዋቸዋለሁ። የሚያስፈሩት የፍቅር አጭበርባሪዎቹ ናቸው። ከጨዋታው የመልእክት ሳጥን ይጀምራሉ። ፎቷቸው ብዙ ጊዜ የወታደር ወይም የሐኪም ልብስ የለበሰ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታለች፣ አንድ ልጅ አለው። መለያቸው ግን ቀላል ነው፦ ጨዋታው አይገዳቸውም። ሦስት ፊደል ወርውረው «ውዴ፣ ቀንሽ እንዴት ነበር?» ይላሉ። ቀጥሎ ወደ ሌላ መገናኛ እንሂድ ይላሉ፤ ከዚያ ልጁ ይታመማል፣ ገንዘብ ይጠየቃል። በስደት ብቻውን የሚኖር ሰው ማታ ማታ ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል ልቡ ክፍት መሆኑን ከእኛ በላይ እነሱ ያውቁታል። ኪው ይዞ የማይጨነቅ ሰው ካጋጠማችሁ ዝጉት።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ስማቸው በቁጥርና በፊደል የተሞላ ስለነበር ማን እንደሆኑ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። የእኔ ስም ግን ወገኔን ያሳብቃል። ለወራት ያለ አንድ ቃል ስንጫወት ከቆየን በኋላ ሰባቱንም ጠጠር በአንዴ አወረድኩባቸው። ከአፍታ በኋላ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መልእክት መጣ፦ «ኧረ በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ያገሬ ሰው ነዎት እንዴ? ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ሳሸንፍ ምን አናገረኝ? ሽንፈቱ ሲበዛብኝ ነዋ!»

እሳቸውም እንደ እኔ ሌሊት ነው የሚሠሩት፤ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፣ በሌላ አገር። እስካሁን አንድም ቀን ከየት ነሽ፣ የማን ወገን ነሽ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ይህ ጥያቄ ከባዕድ ሲመጣ ይሰለቻል፤ ከወገን ሲመጣ ደግሞ በዚህ ዘመን ያስፈራል። እኛ የምንጣላው በነጥብ ነው። ጸባችን ግን እውነተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ሳምንት ተኮራርፈን ያስታረቀን «ተራሽ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ነው።

ጋሼ አሁን አንድ ሐሳብ ይዘዋል፦ ጨዋታውን በአማርኛ መሥራት። ሐሳቡ የመጣው የስክራብልን ታሪክ ካነበቡ በኋላ ነው። አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራውን ያጣ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ፤ ኢ የተጻፈበት ጠጠር 12 የሆነው፣ ኪውና ዚ ደግሞ አንድ አንድ ሆነው 10 ነጥብ የሚያስገኙት ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ ነው። በ1948 ጄምስ ብሩኖት ስክራብል የሚለውን ስም እስኪሰጠው ድረስ ብዙ አምራቾች አልቀበልም ብለውት ነበር። «ሥራ ያጣ ሰው ይህን ካደረገ፣ ሌሊቱን ሙሉ በር የሚያይ ሰው ምን ያቅተዋል?» አሉ ጋሼ፤ የአማርኛ ጋዜጣ ከፍተው ፊደል መቁጠር ጀመሩ። ግማሹን ገጽ ለእኔ ሰጡኝ።

የእኛ ነገር ከእሱ ይከብዳል። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። 100 ጠጠር እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ለመጻፍ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ግዕዙን ብቻ እንጽፍና ካዕብ ይሁን ሳድስ ተጫዋቹ ይምረጥ ተባባልን። ወዲያው ሌላ ችግር ወጣ፦ በአግድም «ቤት» ተብሎ የተነበበው በ፣ በቁልቁል «በር» ተብሎ ሊነበብ ይችላል? ጋሼ ይችላል ይላሉ፤ እኔ ጨዋታው ልቅ ይሆናል እላለሁ። በቆጠርነው ገጽ ላይ ን፣ ት፣ ም እና ው በብዛት ሲመጡ የጰ ዘር አንድም አልተገኘም። «የቤተ ክህነት ዜና ያለበትን ገጽ አልመረጥሽማ!» ብለው ወቀሱኝ።

ትልቁ ጸብ ግን በሞክሼዎቹ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ብናዋሕድ 33ቱ ወደ 28 ይወርዳሉ። ለእኔ ይህ ቀላል ስሌት ነው። ጋሼ ግን «አባቶች ያቆዩትን ፊደል ለጨዋታ ብለሽ ትሰርዢ?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው ኀን ብርቅ አድርገን 10 ነጥብ እንስጠው ነው የሚሉት። «እሺ፣ ታዲያ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ተጫዋች ቃሉ ይሰረዝበት?» ብላቸው፣ «ይሰረዝበት! መጀመሪያ ፊደሉን ይማር» አሉ። በዚህ ሕግ ከሄድን ከጋሼ በቀር ጨዋታውን የሚጨርስ ሰው አይገኝም ብያቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡበትም። በእንግሊዝኛው ገበታ ላይ ግን በሰፊው እየመሩኝ ነው፤ ኪውን የምጥልባትን አንዲት ቀዳዳም ዛሬ ጠዋት ዘግተውብኛል።